በተውሶ መርከብ

ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ስለ አንድ ዓይነት መጻሕፍት ለማውጋት ነው። ዳሩ ግን እንድንጽፍ ያስገደደን መጽሐፍ ሳይሆን አንድ በደል ነው፤ በዳዮቹም ሌሎች ሳይሆኑ እኛው ራሳችን ነን። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

ባለፈው ሴሚስተር ለዚህ መጽሔት የሚላኩትን ድርሰቶች እንድንመርጥ አምስት ሆነን ተመድበን ነበር። ከመጡት ጽሑፎች መካከል አንዲት የሁለተኛ ዓመት እኅታችን የላከችው፥ በደብተር ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ ስምንት ገጽ አጭር ልብ ወለድ ይገኝበታል። ታሪኩ የሚፈጸመው «ስታር ትሬክ» በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከታታይ ትርኢት ውስጥ በምናውቃት ኢንተርፕራይዝ በምትባል የጠፈር መርከብ ላይ ነው። የመርከቧ የመገናኛ መኮንን ኡሁራ ከሩቅ ዓለም አንድ ድምፅ ትሰማለች። ሁሉን ቋንቋ የሚተረጉመው መሣሪያ ቃሉን አንድ በአንድ ይተረጉመዋል፤ «ቤቱ ሰፋ፤ ደጁ ሰፋ፤ ሰው ግን የለም» ይላል። አዛዡና ሹማምንቱ፥ «እንግዲያው የሰፈራ ቦታ አለን ማለታቸው ነው» ብለው ይደሰታሉ። ኡሁራ ብቻ ታለቅሳለች። የሰማችው የግብዣ ቃል ሳይሆን ሙሾ መሆኑን መሣሪያው አላወቀም፤ እርስዋ ግን በዜማው አውቃለች።

ከመካከላችን አንዱ ይህን ድምፁን ከፍ አድርጎ ካነበበ በኋላ ሳቀ። «ይኸማ ከቴሌቪዥን የተለቀመ ነው፤ መርከቡም የሰው፥ ሰዎቹም የሰው» አለ። ሌላው፥ «ደራሲ ማለት ከምንም ተነሥቶ የሚፈጥር ነው» ሲል ደገፈው። የቀረነውም አንገታችንን ነቀነቅን። ሻያችን ሳይቀዘቅዝ ፍርዱ አለቀ። በመጀመሪያው ገጽ ራስ ላይ በቀይ እርሳስ «የራስሽን ጻፊ» ብለን ጽፈን መለስንላት። እርስዋም ወረቀቷን ተቀብላ አመስግና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ለመጽሔቱ አንዲት መስመር እንኳ ልካ አታውቅም።

ነገሩን ረስተነው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ግን ከእኛው አንዱ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ሽፋኗ የተቀደደ የኪስ መጽሐፍ ገዝቶ መጣ። መጽሐፏ የ«ስታር ትሬክ» አጫጭር ታሪኮች መድበል ናት። በመጀመሪያ ለቀልድ ያህል አነበብናት፤ ቀጥለንም ስለ እንዲህ ያሉ መድበሎች የተጻፈውን እየፈለግን ማንበብ ያዝን። ባነበብን መጠን ያ ቀይ እርሳስ እጃችንን እያቃጠለን ሄደ። ያገኘነውን እነሆ እንነግራችኋለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ የሮድ ሰርሊንግን ነገር እንመልከት። ይህ ሰው «ትዋይላይት ዞን» የተባለውን ከ1959 እስከ 1964 የታየ ተከታታይ ትርኢት ያቋቋመ ነው። ከ156ቱ ክፍሎች 92ቱን የጻፈው እሱ ራሱ ነው። በ1960 ደግሞ ከጻፋቸው የቴሌቪዥን ድርሰቶች ስድስቱን መርጦ ወደ አጭር ልብ ወለድ ለወጣቸውና በመድበል አወጣ፤ በ1961 እና በ1962 ሁለት ተጨማሪ መድበሎች ተከተሉ።

ሰርሊንግ ወደ ጠፈርና ወደ ቅዠት ዓለም የሸሸው ጨዋታ ወድዶ ብቻ አይደለም። በ1955 በሚሲሲፒ ኤመት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በነጮች ተገደለ። ሰርሊንግ ይህን ግፍ መነሻ አድርጎ በ1956 አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ጻፈ። ዳሩ ግን ገንዘቡን የሚከፍሉት ማስታወቂያ ነጋሪዎች ደቡቡን እንዳናስቀይም ብለው ድርሰቱን ቆራረጡት፤ ቦታውም ተለወጠ፥ ሟቹም ተለወጠ፥ ቁም ነገሩም ተነነ። ከዚህ በኋላ ሰርሊንግ በግልጽ ቢናገር የሚከለከለውን ነገር በሌላ ዓለም ፍጡሮች ልብስ ሸፍኖ መናገርን መረጠ። ከ1960ው መድበል ታሪኮች በአንደኛው፥ በአንድ ሰላማዊ መንደር መብራት ይጠፋል። ጎረቤት ጎረቤቱን «ከሌላ ዓለም የመጣህ አንተ ነህ» እያለ መጠርጠር ይጀምራል፤ ሌሊቱ ሳይጋመስ ሰው ይገድላሉ። እውነተኞቹ እንግዶች ከኮረብታ ላይ ቆመው ይመለከታሉ። ሰውን ለማጥፋት መብራት ማጥፋት ብቻ እንደሚበቃ ተረድተዋል።

ይህን ስናነብ አንደኛው ጓደኛችን፥ «ሰምና ወርቅ ነው'ኮ!» ብሎ ጮኸ። እኛም እውነቱን ነው አልን። ይህን ነገር እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ሰው ጄምስ ብሊሽ ነው። ብሊሽ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተከበረ ደራሲ ነበር፤ በ1959 «ሁጎ» የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። «ስታር ትሬክ» በመስከረም 1966 መታየት ሲጀምር የቴሌቪዥኑን ድርሰቶች ወደ አጭር ልብ ወለድ እንዲለውጥ ተቀጠረ። የመጀመሪያዋ መድበል በ1967 ወጣች፤ ሰባት ታሪኮች ይዛለች። ከዚያ በኋላ እስከ 1977 ድረስ በጠቅላላው አሥራ ሁለት መድበሎች ታትመዋል። ብሊሽ ግን መጨረሻውን አላየም፤ በ1975 ዐረፈ። የመጨረሻውን መድበል የፈጸመችው ባለቤቱ ጄ. ኤ. ሎረንስ ናት።

እንግዲህ ብሊሽ ታሪኮቹን የጻፈው ትርኢቱን ተመልክቶ ሳይሆን የተጻፈውን ድርሰት ይዞ ነው። ስለዚህ መጽሐፉና በቴሌቪዥን የታየው ነገር አንዳንድ ጊዜ አይገጣጠሙም። የታሪኮቹ ስም እንኳ ይለያያል፤ አንዳንዱ ንግግር በመጽሐፉ አለ፥ በትርኢቱ የለም። በ1968ቱ ሁለተኛ መድበል ውስጥ ደግሞ ሃርላን ኤሊሰን የደረሰው አንድ ታዋቂ ክፍል ይገኛል። ኤሊሰን የጻፈውና በመጨረሻ በቴሌቪዥን የታየው በጣም የተለያዩ ነበሩ። ብሊሽም ከሁለቱ የተሻለውን ለማዋሐድ መሞከሩን እዚያው ለአንባቢ ገልጧል። ያን ጊዜ ከቤቱ ቁጭ ብሎ ትርኢት የሚቀርጽ ተመልካች አልነበረም። አንድ ጊዜ የታየው ክፍል ጣቢያው ካልደገመው በቀር እንደ ጥላ ያልፋል። ስለዚህ ወጣቱ ሁሉ ያንን ዓለም በእጁ ሊይዝ የቻለው በእነዚህ የኪስ መጻሕፍት ነበር።

እኛ ዛሬ ክፍሉን ሁሉ በስልካችን ማየት እንችላለን። ሆኖም የተቀደደችውን መጽሐፍ በአምስት ሰው ተራ ይዘን ስናነብ፥ አንዱ ሲያነብ ሌላው «ቶሎ በል» እያለ ሲጎተጉት፥ የዚያን ዘመን አንባቢ ስስት በመጠኑ ቀመስነው።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ከበደላችን እንድን ነበር። ሰርሊንግ የጻፈው የራሱን ነው፤ ብሊሽም ባለቤቶቹ ቀጥረውት ነው። የእኅታችን ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው ልንል እንችል ነበር። ሦስተኛውን መጽሐፍ ያገኘነው በዚህ ጊዜ ነው።

«ስታር ትሬክ» በ1969 ከ79 ክፍል በኋላ ተቋረጠ። ተመልካቹ ግን አልተቋረጠም። እንዲያውም ገና ትርኢቱ ሳያበቃ፥ በመስከረም 1967፥ በኒው ዮርክ ሁለት ወጣት ሴቶች «ስፖካናሊያ» የተባለ መጽሔት አውጥተው ነበር። በውስጡም ግጥም፥ ሐተታና የ«ስታር ትሬክ»ን ሰዎች የያዙ ልብ ወለዶች ነበሩበት። የስፖክን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ የላከው ደብዳቤም ታትሞበታል። ይህ መጽሔት በምን የታተመ ይመስላችኋል? በማባዣ መኪና! ስቴንስል ተመትቶ፥ ቀለም ተቀብቶ፥ እጀታው እየተሽከረከረ፥ ወረቀቱ በእጅ ተሰብስቦና ተሰፍቶ ነው። ይኸውም ማለት ልክ አሁን በእጃችሁ እንደያዛችሁት እንደዚህ መጽሔት ነው።

እንዲህ ያሉ የተባዙ መጽሔቶች ከዚያ በኋላ እንደ አሸን ፈሉ። በ1976 ሶንድራ ማርሻክና ሚርና ኩልብሬዝ የተባሉ ሁለት አዘጋጆች ከእነዚህ ተመልካቾች ልብ ወለዶች ስምንቱን ሰብስበው «አዲሶቹ ጉዞዎች» ብለው አወጡ። ያሳተመው ባንታም፥ ይኸውም የብሊሽን መድበሎች ያወጣው ትልቅ ማተሚያ ድርጅት ነበር። መቅድሙን የጻፈው የትርኢቱ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ ራሱ ነው። አብዛኞቹን ታሪኮች ደግሞ በአጭር መግቢያ ያስተዋወቋቸው የትርኢቱ ተዋንያን ናቸው። የታሪኮቹ ደራስያን ሴቶች ነበሩ።

ከእነዚህ አንዷ ሩት በርማን ናት። በታሪኳ ውስጥ ተዋንያኑ በመቅረጫ ቦታው ላይ እንዳሉ ድንገት እውነተኛዋ ኢንተርፕራይዝ ላይ ራሳቸውን ያገኙታል፤ ካፒቴን መስለው የኖሩት አሁን ካፒቴን መሆን ግድ ይሆንባቸዋል። ይህን ታሪክ በርማን መጀመሪያ ያወጣችው በዚያው በ«ስፖካናሊያ» በ1968 ነው። ሌላዋ ሸርሊ ማይውስኪ ናት። በእርስዋ ታሪክ ውስጥ ደፋሩ ካፒቴን ከርክ ስሙን ረስቶ፥ በ1950ዎቹ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶበት እናገኘዋለን። በቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ ድል አድራጊ የነበረው ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «እኔ ማን ነኝ?» ይላል። ይህን ስናነብ ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም።

ይባስ ብሎ ነገሩ በዚያ አላቆመም። ከ1998 ጀምሮ ፖኬት ቡክስ የተባለው ማተሚያ ድርጅት «እንግዳ የሆኑ አዳዲስ ዓለሞች» በሚል ስም በየዓመቱ የድርሰት ውድድር ያደርግ ነበር። አዘጋጁ ዲን ዌስሊ ስሚዝ የተባለ ደራሲ ነው። ደንቡ የሚያስደንቅ ነው፤ በድርሰት የታወቁ ሰዎች መወዳደር አይችሉም፤ በሩ የተከፈተው ለጀማሪዎች ብቻ ነው። እስከ 2007 ድረስ አሥር መድበሎች ወጡ፤ በ2016 ደግሞ አንድ ተጨመረ። ዴይተን ዋርድ የተባለ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት መድበሎች ተከታትሎ ታሪኩ ስለ ተመረጠ በደንቡ መሠረት ከጀማሪነት ወጣ፤ ከዚያም በርካታ የ«ስታር ትሬክ» ረጃጅም ልብ ወለዶችን የጻፈ ደራሲ ሆነ። በተውሶ መርከብ የጀመረ ሰው እንግዲህ የት እንደ ደረሰ ተመልከቱ። እኛ በሩን በቀይ እርሳስ በዘጋንበት ሥፍራ እነዚያ ሰዎች በሩን ከፍተው ወንበር አቅርበዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባብያን እንዲህ ይሉ ይሆናል፤ «ታዲያ የሰውን ገጸ ባሕርይ መውሰድ ስንፍናን አያስተምርም ወይ?» እኛም ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው እንላለን። በእነዚህ መድበሎች ውስጥ ደካማ ታሪኮች ሞልተዋል። አንባቢው ስፖክን ስለሚያውቀው ጸሐፊው ስፖክን ለመሣል አይደክምም፤ «ቅንድቡን አነሣ» ካለ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። የብሊሽ የመጀመሪያዎቹ ታሪኮች እንኳ አንዳንዶቹ የችኮላ ናቸው፤ የአንድ ሰዓት ትርኢት በጥቂት ገጽ ሲታጨቅ አጥንቱ ብቻ ይቀራል። ከዚህም በላይ ያ ዓለም ባለቤት አለው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ገበያ ወስዶ መነገድ አይገባም። ይህን ሁሉ አንክድም።

ዳሩ ግን ጥያቄው «ዕቃው የማን ነው?» የሚል ብቻ መሆን የለበትም፤ «በዕቃው ውስጥ ያለውስ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኛ አባቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ሰሙን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሁሉ ከሚያውቀው ከመጻሕፍት ታሪክ ነው። ዳዊትን ወይም ሙሴን አንተ አልፈጠርከውም ብሎ የሚነቅፈው መምህር የለም። መምህሩ የሚጠይቀው፥ «ወርቁስ የት አለ?» ብሎ ነው። ማነጻጸራችን ስለ ቅድስና አይደለም፤ ስለ ድርሰት መንገድ ነው። እኛ ግን በዚያች ምሽት ሰሙን አይተን ሳቅን፤ ወርቁን አልጠየቅንም።

ስለ ኡሁራም ልናውቀው የሚገባን ነገር ነበር። ስሟ «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ነጻነት ነው። ተዋናይቱ ኒሼል ኒኮልስ፥ በ2022 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ፥ ትርኢቱን ለመተው ባሰበች ጊዜ እንድትቆይ የመከራት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መሆኑን ደጋግማ ትናገር ነበር። በቴሌቪዥኑ ግን ኡሁራ ብዙውን ጊዜ መሥመሩ ክፍት መሆኑን ከመናገር የበለጠ ሥራ አልተሰጣትም። እኅታችን እንግዲህ ያደረገችው ምንድር ነው? ለሦስት ዓመት የሰው መልእክት ስታስተላልፍ የኖረችውን ሴት፥ ለአንድ ጊዜ የምትሰማ ሴት አደረገቻት። ይህን ከቴሌቪዥን አልለቀመችውም። በቴሌቪዥን የለምና።

ነገሩ ይህ መሆኑ ሲገባን ተነሥተን ፈለግናት። በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አገኘናት። አምስት ወንዶች ተሰልፈን ስንመጣ ባየች ጊዜ ደነገጠች። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠው፥ «እኅታችን፥ በድለንሻልና ይቅርታ ልንጠይቅሽ መጥተናል፤ ያንን ታሪክ እንድትሰጪን እንለምንሻለን» አላት። እርስዋም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ «የቱን? የተለቀመውን?» አለች። መልስ አልነበረንም። ያን ጊዜ የተናገርነው እስከ ጆሮዋ ደርሷል ማለት ነው።

ቀጥላም እንዲህ አለችን። «ሙሾው የአያቴ ነው። አምና ክረምት ስትሞት እኔ እዚህ ፈተና ላይ ነበርሁ፤ የነገሩኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። አያቴ አልቃሽ ነበረች፤ የአገሩን ሬሳ ሁሉ አልቅሳ ሸኝታለች። ለእርስዋ ግን እኔ አላለቀስሁላትም። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ሞከርሁ። ‹አያቴ› ብዬ ስጀምር እጄ ይያዛል። በመርከቧ ላይ ሆና፥ በሩቅ ሰማይ፥ ስሟ ሳይጠራ ግን ጻፍሁት። እናንተ የራስሽን ጻፊ አላችሁኝ። ከዚያ የበለጠ የራሴ የሆነ ነገር የለኝም።»

ውድ አንባብያን፤ ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ትምህርት ተምረናል። ስለ ውክልና፥ ስለ ርቀት፥ ስለ ተምሳሌት ፈተና ተፈትነን ጥሩ ውጤት አግኝተናል። ዳሩ ግን ሰው አንዳንድ ጊዜ በገዛ ቤቱ ማልቀስ ሲያቅተው በሰው ቤት እንደሚያለቅስ ከመምህራኖቻችን አልሰማንም፤ ከእርስዋ ሰማነው። የተውሶ መርከብ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባን ያን ጊዜ ነው። ሰርሊንግ ስለ ተገደለው ልጅ በግልጽ እንዳይናገር ማስታወቂያ ነጋሪዎች ከለከሉት፤ እኅታችንን ደግሞ የከለከላት የገዛ ኀዘኗ ነው። ሁለቱም ሩቅ ሄደው ተናገሩ።

ታሪኩን እንድትሰጠን ደግመን ጠየቅናት። «አስብበታለሁ» አለች። «ብሰጣችሁም ግን አልገለብጠውም፤ ቀይ እርሳሱ እንዳለ ነው» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። እስከ ዛሬ አልሰጠችንም፤ እንድትሰጠንም ልናስገድዳት አንችልም።

ስለዚህ መራጮቹ ተሰብስበን ሁለት ነገር ወስነናል። አንደኛው፥ ከእንግዲህ ወዲህ የሚላክልንን ድርሰት መርከቡ የማን እንደ ሆነ ሳይሆን በውስጡ የተሳፈረው ማን እንደ ሆነ አይተን እንመርጣለን። የተውሶ ገጸ ባሕርይ ያለበትም ቢሆን ይላክልን፤ መጽሔታችን የሚሸጥ ሳይሆን በነጻ የሚታደል ስለ ሆነ የማንንም ገበያ አይሻማም። ሁለተኛው፥ ለሚቀጥለው እትም ስቴንስል በምናስመታበት ጊዜ አራት ገጽ ክፍት እንተዋለን። ታሪኩ ከመጣልን በዚያ ላይ ይወጣል። ካልመጣልን ግን አራቱ ገጾች ባዶ ሆነው ይታደላሉ። ባዶ ገጽ ያየ አንባቢ የማባዣው መኪና ተበላሽቶ ነው ብሎ እንዳያስብ አስቀድመን አስታውቀናል፤ የተበላሸው የእኛ ንባብ ነበር።

ቀይ እርሳሱ አሁንም ጠረጴዛችን ላይ አለ። የምንጠቀምበት ፊደል ለማረም ብቻ ነው።